ከርዕስ ወደ ጥያቄ፦ በሬቶሪክ፣ በተግባቦትና በባህል ጥናት ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የማመልከቻ መመሪያ

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ በጋዜጠኝነት፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በፎክሎር ወይም በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከያዙ ሰዎች መካከል፣ ሰው ሰውን በቃል የሚያሳምነው፣ የሚያስተባብረውና የሚያጣላው እንዴት እንደሆነ ማሰብ የማይተዋቸው ጥቂት አይደሉም። ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ የማስተርስና የዶክትሬት ትምህርት እንዳለው የሚሰሙት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተመረቁ ከዓመታት በኋላ፣ ያውም በአጋጣሚ ነው። ትምህርቱ ሬቶሪክ ይባላል። ‹‹የንግግር ጥበብ›› ብለን ልንተረጉመው እንችላለን፤ ይሁንና ዘርፉ ጥሩ ተናጋሪ የመሆን ዘዴን ብቻ ሳይሆን አዋጅን፣ ስብከትን፣ ሙሾን፣ ሐውልትንና የቴሌቪዥን ማስታወቂያን ጭምር ስለሚመረምር፣ በዚህ ጽሑፍ ሬቶሪክ የሚለውን ቃል እንዳለ እጠቀምበታለሁ።

መመሪያው የተዘጋጀው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ለሚያመለክቱ አማርኛ ተናጋሪዎች ነው። አሜሪካን የመረጥኩት ሬቶሪክ የራሱ መምህራን፣ መጽሔቶችና ማኅበራት ኖረውት እንደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ዘርፍ ጸንቶ የቆመው በዋነኛነት በዚያ በመሆኑ ነው። ሥራው ከመጀመሪያው ንባብ እስከ ጉዞው ድረስ አንድ ዓመት ተኩል ያህል እንደሚፈልግ አስበው ይነሱ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ የሚገዛ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ማመልከቻዎን የሚያነቡት መምህራን በየዓመቱ የሚደርሷቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ንድፈ ሐሳቦችን ይጠቅሳሉ። እርስዎን ከሌላው የሚለይዎ በሚያውቁት ቋንቋና ባህል ውስጥ ያገኙት፣ ሌላ አመልካች በቀላሉ ሊጠይቀው የማይችለው አንድ በሚገባ የተቀረጸ ጥያቄ ነው። ትራንስክሪፕቱም፣ ፈተናውም፣ ደብዳቤውም ያንን ጥያቄ ተሸክመው የሚሄዱ አጋሰሶች ናቸው።

ደረጃ 1፦ ትምህርቱ በየትኛው ቤት እንደሚኖር መለየት

ብዙዎች የሚሰናከሉት ገና በፍለጋው ላይ ነው። ‹‹ሬቶሪክ›› ብለው ሲፈልጉ አንዴ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል፣ አንዴ የኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል ይመጣላቸዋል፤ ሁለቱ አንድ ስለሚመስሏቸውም ያንኑ ማመልከቻ ለሁለቱም ይልካሉ። የልዩነቱ ሥር ያለው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። በዚያ ዓመት ንግግርን የሚያስተምሩ 17 መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤት ተነጥለው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩ ስሙን ደጋግሞ ከለወጠ በኋላ ዛሬ ብሔራዊ የኮሙኒኬሽን ማኅበር ተብሎ ይጠራል። ከዚያ ወዲህ የሚነገረው ቃልና የሚጻፈው ቃል ጎጆ ለይተው ወጡ ማለት ይቻላል።

በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ውስጥ ያለው ሬቶሪክ ትኩረቱ በአመዛኙ ጽሑፍ ነው፤ ሰዎች መጻፍን እንዴት እንደሚማሩ፣ ሙያዊ ሰነድ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ የጽሑፍ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ ይመረምራል። ፐርዱና ካርኔጊ ሜሎን በዚህ ወገን የታወቁ ናቸው። በኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል ያለው ሬቶሪክ ደግሞ የአደባባይ ንግግርን፣ ፖለቲካን፣ መገናኛ ብዙኃንንና ሕዝባዊ ትውስታን ይይዛል፤ የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ሬቶሪክን ከፖለቲካና ከባህል ጋር አጣምሮ የሚያስተምረው በዚህ ወገን ሆኖ ነው፤ ኖርዝዌስተርንና ፒትስበርግም እንዲሁ። በርክሊ ከሁለቱም ውጭ፣ ሬቶሪክ ተብሎ የተሰየመ ራሱን የቻለ ትምህርት ክፍል አለው፤ እዚያ ፍልስፍና፣ ሕግና ፊልም ይበዛሉ።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ለእኛ አገር አመልካች ምናልባት ከሁሉ የሚቀርበው እርሱ ነው። ዴል ሃይምስ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1962 ንግግር በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ያለውን ሥርዓት እንደ ባህል ማጥናት እንደሚገባ ካሳሰበ በኋላ፣ የተግባቦት ኢትኖግራፊ የሚባለው ጥናት አደገ፤ በዋሺንግተን ስቴት ሲያትል በሚገኘው የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ጄሪ ፊሊፕሰን ይህንን ወግ ለረጅም ጊዜ አስተምሮበታል። ሽምግልናን፣ ለቅሶን፣ ምርቃትን ወይም የእድር ስብሰባን ማጥናት የሚፈልግ ሰው መነሻው እዚህ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ፕሮግራም ሲመለከቱ ስሙን አይመኑ። የመምህራኑን ዝርዝር ይክፈቱ፣ በቅርቡ ያሳተሟቸውን ጽሑፎች ርዕስ ያንብቡ፣ ከዚያም የዶክትሬት ተማሪዎች ምን እያጠኑ እንዳሉ ይመልከቱ። የእርስዎን ዓይነት ነገር ሊያነብ የሚችል ቢያንስ ሁለት መምህር ከሌለ፣ የዩኒቨርሲቲው ስም የቱንም ያህል ቢያስደንቅ ይለፉት። አንድ መምህር ብቻ ካለ፣ እርሱ ጡረታ ሲወጣ ወይም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ያለ አማካሪ ይቀራሉ።

አገር ውስጥ በማስተርስ መጀመርም ጥሩ አካሄድ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም የአማርኛ ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍና ፎክሎር ትምህርት ለዚህ ዘርፍ ቅርብ ናቸው፤ ለመግባት ግን ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በአማርኛ ሰነድ ላይ የተሠራ ጠንካራ የማስተርስ ጥናት ይዞ ለውጭ ዶክትሬት ማመልከት፣ ባዶ እጅ ከመሄድ እጅግ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ርዕስን ወደ ጥያቄ መለወጥ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የቀረው ሁሉ በዚህ ላይ ነውና።

‹‹የአማርኛ ሬቶሪክ›› ርዕስ ነው። ‹‹የአፄ ምኒልክ ንግግሮች ሬቶሪክ›› የሚለውም ጠበብ ያለ ርዕስ ከመሆን አላለፈም። ርዕስ የሚነግረን የት ቦታ እንደምንቆፍር ሲሆን፣ ጥያቄ የሚነግረን ምን እንደምንፈልግ ነው። እንዴት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚደረስ ለማሳየት በመስከረም 1888 ዓ.ም. የተነገረውን የክተት አዋጅ እንውሰድ።

በመጀመሪያ ጽሑፉን ያለ ምንም ንድፈ ሐሳብ፣ ድምፅዎን አሰምተው ደጋግመው ያንብቡ፤ አዋጅ በነጋሪት ተጎስሞ ለጆሮ የተነገረ እንጂ ለዓይን የተጻፈ አይደለምና። ከዚያ የሚያስገርምዎትን ይመዝግቡ። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ስላስፋላቸው እግዚአብሔርን በማመስገን ይጀምራሉ፤ ስለ ሞታቸው እንደማያዝኑ ይናገራሉ፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ጠላት ያነሳሉ፤ ቀጥለው ‹‹ያገሬ ሰው›› ብለው ይጠሩና እርስ በርስ አለመበዳደላቸውን ያስታውሳሉ። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ በኀዘኑ እንዲረዳቸው ይለምናሉ። ወስልቶ የቀረውን ግን እንደማይተውት ያስጠነቅቃሉ፤ ለዚህም ‹‹ማርያምን፣ ለዚህ አማላጅ የለኝም›› ይላሉ።

አሁን በዚህች የመጨረሻ ሐረግ ላይ ይቁሙ። በዚያ ዘመን ማኅበረሰብ የበደለ ሰው ሁልጊዜ አንድ መውጫ ነበረው፤ ካህን ወይም ሽማግሌ አማላጅ ልኮ ምሕረት ይጠይቃል። በኦርቶዶክስ እምነት ደግሞ የአማላጆች ሁሉ የበላይ ድንግል ማርያም ናት። ንጉሠ ነገሥቱ የአማላጅነትን በር የዘጉት በአማላጂቱ ስም በመማል ነው። ይህን ካስተዋሉ በእጅዎ ያለው ርዕስ መሆኑ ይቀርና ጥያቄ ይሆናል፦ ምልጃ የተለመደ የእርቅ መንገድ በሆነበት ማኅበረሰብ፣ ተናጋሪ ምልጃን በመሐላ አስቀድሞ ሲዘጋ የትእዛዙን ክብደት የሚፈጥረው እንዴት ነው? ከዚህ በኋላ ሌሎች አዋጆችን ማነጻጸር፣ ልመናና ዛቻ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ለምን እንደተጎራበቱ መመርመር፣ ‹‹በኀዘንህ እርዳኝ›› የሚለው መዝመት የማይችለውን ሰው እንዴት የዘመቻው ተካፋይ እንደሚያደርገው ማየት ይቻላል። አዋጁ በተለያዩ መጻሕፍት በጥቂት የቃላት ልዩነት ስለሚገኝ፣ የትኛውን ቅጂ እንደተጠቀሙ መግለጽም አይርሱ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞክረው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ቢሆኑም የመረጡት በአማርኛ መናገርን ነው። አዳራሹን ከሞላው ሰው የሚበዛው አማርኛ አይሰማም። ታዲያ ንግግሩ የተነገረው ለማን ነው? በትርጉም ለሚሰሙት ልዑካን ነው፣ በወረራ ሥር ላለው ሕዝብ ነው፣ ወይስ ቋንቋው ራሱ፣ ይዘቱ ሳይሰማም፣ የአንድ ነጻ መንግሥት ምስክር ሆኖ ቆመ? በሬቶሪክ ጥናት ‹‹አድማጭ ማን ነው?›› የሚለው ትልቅ ጥያቄ ስለሆነ፣ ይህን የመሰለ ጉዳይ ይዞ የሚመጣ አመልካች ይሰማል።

ጉዳዩ የግድ ታሪካዊ መሆን የለበትም። በዋሺንግተን ዲሲ አካባቢ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት አማርኛ የማያነቡ ልጆች ባሉበት የሚሰጥ ስብከት፣ በቲክቶክ ላይ በአማርኛ የሚካሄድ ክርክር፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጻፍ የኀዘን መግለጫ ከሙሾ ምን እንደወረሰ፣ ሁሉም ሊጠኑ የሚችሉ ናቸው። የድሮው ችሎትም አለ፤ በበላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪው ውርርድ እየገባ፣ በትሩን እየሰበቀ፣ በዜማና በግጥም ይሟገት ነበር፤ የሸማው አለባበስ እንኳ መልእክት ነበረው። ስለዚህ ሙግት በዘርፉ መጽሔቶች የሚያውቁ ሰዎች ብዙ አይደሉም።

ጥያቄዎን በሦስት መንገድ ይፈትኑት። በመጀመሪያ፣ ሰነዱ በእጅ ይገባል? በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በወመዘክር፣ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ የቆዩ እትሞች፣ ወይም በራስዎ ቅጂ የሚገኝ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ሁለተኛ፣ መልሱ ሊሳሳት ይችላል? ‹‹የእርቅ ንግግር ለሰላም ይጠቅማል›› የሚለውን ማንም ስለማይቃወመው ጥናት አይሆንም። ሦስተኛ፣ አማርኛ የማያውቅ ተመራማሪ ከመልሱ ምን ይማራል? የምልጃው ምሳሌ ስለ ምኒልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ የታሪክ ትምህርት ክፍል ይበቃው ነበር፤ ይቅርታ የመጠየቂያ መንገድን መዝጋት እንዴት ሥልጣን እንደሚሆን ስለሚያሳይ ግን ሌሎችንም ይመለከታል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው አሪስቶትል ኢቶስ (የተናጋሪው ጠባይ)፣ ፓቶስ (የአድማጩ ስሜት) እና ሎጎስ (የክርክሩ አመክንዮ) ብሎ የለያቸውን ሦስት የማሳመኛ መንገዶች ይዞ በአንድ ንግግር ላይ እየለጠፉ መሄድ ነው፤ ሦስቱም በማንኛውም ንግግር ውስጥ ስለሚገኙ፣ መገኘታቸውን ማሳየት ምንም አያሳይም። ሁለተኛው የራሳችን ነው፤ አማርኛ የሆነውን ሁሉ በሰምና ወርቅ መተንተን። ዶናልድ ሌቪን የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ሰምና ወርቅን የአማራ ባህል ቁልፍ አድርጎ ካቀረበው ወዲህ ሐሳቡ በውጭ አገር አንባቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ እኛም ደግመን ስንናገረው ደስ ይለናል። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ግን ሰምና ወርቅ፣ ኅብርና ውስጠ ወይራ የተባሉት የቅኔ ስልቶች እንደሚለያዩ ያውቃል፤ ተራው ሰው ገበያ ላይ ሲከራከር ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም ላይጠቀም ይችላል። በዚህ ጉዳይ መጻፍ ከፈለጉ ልዩነቱን ከሚያውቅ የቅኔ መምህር ጋር ተቀምጠው ይጻፉ።

ደረጃ 3፦ ጥያቄው የሚጠራውን ማንበብ

ዘርፉን ሁሉ ለማንበብ አይነሡ፤ አይቻልም፤ አይጠበቅብዎትምም። ጽሑፎችን ጥንድ ጥንድ እያደረጉ፣ አንዱ ከሌላው ሲከራከር ማንበብ ይጠቅማል። የሬቶሪክ ምሁሩ ሎይድ ቢትዘር እ.ኤ.አ. በ1968 ንግግርን የሚጠራው አስቸኳይ ሁኔታ ነው አለ፤ ሪቻርድ ቫትዝ በ1973 ሁኔታውን አስቸኳይ የሚያደርገው ተናጋሪው ራሱ ነው ብሎ ተቃወመው። ሁለቱን ካነበቡ በኋላ ወደ ክተት አዋጁ ይመለሱ፦ ጠላት ባሕር መሻገሩ ንግግሩን ወለደው፣ ወይስ ‹‹ሃይማኖት የሚለውጥ ጠላት›› የሚለው አገላለጽ ለአድማጩ ሁኔታውን ፈጠረለት? በዚህ መንገድ የተነበበ ንድፈ ሐሳብ አይረሳም።

ከባህል ወገን የጄምስ ኬሪን እ.ኤ.አ. የ1975 ጽሑፍ ያንብቡ። ተግባቦትን መልእክት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ማድረስ አድርጎ ከማየት ይልቅ፣ ሰዎች የጋራ ዓለማቸውን ደጋግመው የሚያጸኑበት ሥርዓት አድርጎ ማየት እንደሚቻል ያስረዳል። ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና ሲጠጣ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ገጽ አያስፈልገውም፤ አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ የሚወራው ወሬ አብዛኛው ትናንት የተወራ ነው። ኬኔት በርክ ማሳመን የሚጀምረው ተናጋሪው ከአድማጩ ጋር አንድ መሆኑን በማሳየት ነው ያለውን፣ ስቱዋርት ሆል ደግሞ ተመልካች የቴሌቪዥንን መልእክት ተቀብሎ፣ ተደራድሮ ወይም ተቃውሞ ሊፈታው እንደሚችል ያሳየበትን ይጨምሩበት። ከዚያ ኳርተርሊ ጆርናል ኦቭ ስፒች ከተባለው የዘርፉ መጽሔት የቅርብ ዓመታት እትሞች አምስት ስድስት ጽሑፍ ቢያነቡ ዘርፉ ዛሬ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር ይገባዎታል።

ደረጃ 4፦ የጽሑፍ ናሙና ማዘጋጀት

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ከ15 እስከ 25 ገጽ የሚሆን የጽሑፍ ናሙና ይጠይቃሉ። ከመመረቂያ ጽሑፍዎ የሚወስዱ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቆርጠው አይላኩ። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ ምዕራፍ አንድ የጥናቱ ዳራ፣ የችግሩ መግለጫ፣ የጥናቱ ዓላማ፣ አስፈላጊነትና ወሰን እያለ ስለሚሄድ፣ ሃያ ገጽ አንብበው ሲጨርሱ ጸሐፊው ምን እንደሚያስብ አልታወቀም። ትንታኔው ያለበትን ምዕራፍ ያውጡና ራሱን የቻለ ጽሑፍ አድርገው እንደገና ይጻፉት፤ ክርክርዎ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ውስጥ ይታይ።

የአማርኛ ጥቅስ ሲገባ ዋናውን በግእዝ ፊደል፣ ከሥሩም ትርጉሙን ያስቀምጡ። ትርጉሙን እንደ ተራ ሥራ አይዩት። ‹‹ወስልተህ የቀረህ›› የሚለውን ‹‹ያልመጣህ›› ብሎ መተርጎም ቀላል ነው፤ ወስላታነት ግን እያመካኙ፣ እያታለሉ ከግዴታ ማምለጥ ነው፤ አድማጩ ገና ሳይቀር ምክንያቱ ሁሉ ማታለያ ተብሎ ተፈርዶበታል። ይህንን በአንድ አንቀጽ ያስረዳ ናሙና፣ አንባቢው አንድም የአማርኛ ቃል ባያውቅ እንኳ፣ ጸሐፊው ጽሑፍን እንዴት እንደሚያነብ ያሳያል። ቃለ መጠይቅ ወይም ቀረጻ ያለበት ጥናት ከሆነ የሰዎቹን ፈቃድ እንዴት እንዳገኙ ይግለጹ፤ በተለይ ለቅሶ ቤት ተገኝቶ ሙሾ መቅዳት ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሳል፤ በአሜሪካም እንዲህ ያለው ጥናት ከመጀመሩ በፊት በዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ቦርድ መታየት አለበት።

ደረጃ 5፦ የዓላማ መግለጫው

ሁለት ገጽ ያህል ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወይም አንቀጽ ጥያቄዎ ይሁን። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት መግለጫ አያቴ በሠርግ ላይ ሲመርቁ ከመስማቴ ተነሥቶ አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ልጅነቴ ያወራ ነበር፤ ያነበበው ወዳጄ ‹‹አያትህን ወደድኳቸው፤ አንተ ግን ምን ልታጠና ነው?›› አለኝ። ትዝታው የግድ ከቀረበ ጥያቄውን የሚወልድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሁን።

ቀጥሎ እስካሁን የሠሩትን፣ ጥያቄውን በምን ሰነድና ዘዴ ሊመረምሩት እንዳሰቡ፣ በመጨረሻም በዚያ ፕሮግራም ከነማን ጋር መሥራት እንደሚፈልጉና ለምን እንደሆነ ይጻፉ። የመምህራኑን ስም መደርደር ብቻውን አያሳምንም፤ አንድ ጽሑፋቸውን በእርግጥ አንብበው ከጥያቄዎ ጋር የት እንደሚገናኝ ወይም የት እንደሚለያይ ማሳየት ይበቃል። ማመልከቻው ከመከፈቱ በፊት፣ በነሐሴ ወይም በመስከረም፣ አጭር ኢሜይል መላክም የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ጨዋነት ይጎዳናል፤ ረጅም ሰላምታና ምስጋና ካስቀደምን በኋላ ጉዳዩ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ይደርሳል። ማን እንደሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ጥያቄዎን በሁለት፣ በመጪው ዓመት አዲስ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ በአንድ፤ ይኸው ነው። መልስ ካልመጣ እንደ ንቀት አይቁጠሩት።

ደረጃ 6፦ ደብዳቤና ትራንስክሪፕት

ሦስት የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ይጠየቃል። ጽሑፍዎን አንብቦ ያረመ ሌክቸረር፣ ስምዎን ብቻ ከሚያውቅ ዲን ይበልጣል። ‹‹ታታሪና ጥሩ ሥነ ምግባር ያለው›› የሚል ደብዳቤ ከቀበሌ ቢመጣም ያው ነው፤ የሚፈለገው በየትኛው ጽሑፍዎ ምን እንዳሳዩ የሚመሰክር ነው። ስለዚህ ለመምህሩ የዓላማ መግለጫዎንና ናሙናዎን አብረው ይስጡ፤ የመዝጊያውን ቀን ከአንድ ወር በፊት ይንገሩ፤ ከተቻለም ከዩኒቨርሲቲው በተሰጠው የኢሜይል አድራሻ እንዲልክ ይጠይቁ።

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የኮስት ሼሪንግ ዕዳውን ካላጠናቀቀ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለማግኘት ይቸገራል። ይህን በኅዳር ማወቅ መርዶ ነው፤ በሐምሌ ማወቅ ግን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ ብቻ ነው። በማመልከቻው ወቅት ስካን የተደረገ ቅጂ የሚቀበሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ መመሪያቸውን ያንብቡ፤ ኦፊሻሉ ከገቡ በኋላ ሊጠየቅ ይችላል። ሬጅስትራር በሚሄዱበት ጊዜ የውጤት አሰጣጡን የሚያብራራው ገጽ መካተቱንና የስምዎ አጻጻፍ ከፓስፖርትዎ ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ። በአንድ ፊደል ልዩነት ምክንያት ሦስት ሳምንት የተመላለስኩ ሰው ነኝ።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል

ሰው ‹‹ስኮላርሺፕ›› ሲል በአእምሮው ያለው አንድ ድርጅት የሚሰጠው ሽልማት ነው። በዚህ ዘርፍ ዋናው መንገድ ግን የማስተማር ረዳትነት ነው። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለጀማሪ ተማሪዎች የአደባባይ ንግግር ኮርስ ስለሚሰጡና ኮርሱን በአብዛኛው የሚያስተምሩት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስለሆኑ፣ የኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍሎች በምላሹ የትምህርት ክፍያን ይሸፍናሉ፤ የወር ደመወዝም ይከፍላሉ። ለማስተርስ ተማሪ ሳይቀር ይህን የሚሰጡ አሉ፤ ከብዙ ሌሎች ዘርፎች የሚሻልበት አንዱ ነገር ይህ ነው። ኤፍ-1 የተባለው የተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት በግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቅዳል። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ ለረዳትነት መወዳደር እንደሚፈልጉ የሚጠይቀውን ሣጥን ሳይሞሉ እንዳያልፉ፤ የማስተማር ልምድ፣ የሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ የክርክር ክበብ፣ ካለዎት ይጥቀሱ።

የማመልከቻ ክፍያው በየዩኒቨርሲቲው በዶላር ስለሆነ ስድስት ቦታ ማመልከት ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ለትምህርት ክፍሉ አስተባባሪ ጽፈው ክፍያው እንዲነሳልዎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ዶክትሬት ተሰጥቶኛል ብሎ ያለ ገንዘብ ድጋፍ ከመሄድ ግን አንድ ዓመት ጠብቆ እንደገና ማመልከት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 8፦ ፈተናና የጊዜ ስሌት

ጂአርኢ የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ ፕሮግራሞች ትተውታል፤ የመረጧቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ካልጠየቁ ገንዘብዎን አያባክኑ። ከእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናዎች ቶፍል፣ አይኤልትስ ወይም ዱዎሊንጎ ግን ያስፈልጋል፤ የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ለማስተማር ረዳትነት ስለሚታይ የንግግር ክፍሉን ውጤት ለብቻው ይመልከቱ፤ አጠቃላይ ውጤቱ አልፎ የንግግሩ ዝቅ ያለ እንደሆነ ተቀባይነት አግኝቶ ደመወዝ ማጣት ሊመጣ ይችላል።

የመዝጊያ ቀናቱ በአብዛኛው ከዲሴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ 15 ባለው ጊዜ ይወድቃሉ። ዲሴምበር 1 ኅዳር 22 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት ግን ኅዳር 21 ይሆናል። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ የሚዘጋ ማመልከቻ በእኛ በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ መብራትና ኢንተርኔት ስለሚቋረጡ ግን በዚህች ስሌት አይታመኑ። ከሦስት ቀን በፊት ያስገቡ።

ደረጃ 9፦ መልሱ ከመጣ በኋላ

መልስ በአብዛኛው ከየካቲት እስከ መጋቢት ይመጣል። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ስምምነትን የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የገንዘብ ድጋፍ ላለበት ጥሪ ከኤፕሪል 15፣ ማለትም ከሚያዝያ 7 በፊት መልስ እንዲሰጡ አያስገድዱም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲደርስዎ በደስታ ወዲያው አይፈርሙ። ድጋፉ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ በክረምት ክፍያ ይኖር እንደሆነ፣ የጤና መድን መሸፈኑን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እዚያ ያለ አንድ ተማሪም ያነጋግሩ፤ ከተማው ውስጥ ቤት በስንት እንደሚከራይ ከድረ ገጹ ይልቅ እርሱ ያውቃል።

ከተስማሙ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባለውን ቅጽ ይልካል፤ ሴቪስ ለተባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት ክፍያ ይፈጽማሉ፤ ዲኤስ-160 የተባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ይሞላሉ፤ በኤምባሲው ቀጠሮ ይይዛሉ። ቃለ መጠይቁ አጭር ነው፤ መኮንኑም ሬቶሪክ የሚለውን ቃል የሚያውቀው ምናልባት ‹‹ባዶ ዲስኩር›› በሚለው ትርጉሙ ይሆናል። ‹‹ምን ልታጠና ነው የምትሄደው?›› ሲልዎ የዘርፉን ታሪክ መተንተን አይጀምሩ። ‹‹አንድ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1895 ሠራዊቱን የጠራበትን አዋጅ አጠናለሁ፤ ልመናና ማስጠንቀቂያ አንድ ላይ ሆነው ሰውን እንዴት እንዳነሣሡ መረዳት እፈልጋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው የትምህርቱን ክፍያ ሸፍኖልኛል፤ ስመለስም ይህንኑ አስተምራለሁ›› ማለት በመስኮቱ በኩል በግማሽ ደቂቃ ያልቃል፤ በደረጃ 2 ጥያቄውን በሚገባ የቀረጸ ሰውም ይህን ለመናገር ሌላ ዝግጅት አያስፈልገውም።